«ልክ አይመስለኝም፤ ግን የቱ ጋ?» በዕለት ተዕለት ክርክር ውስጥ ሕጸጽን የመለየት አሠራር

ጎንደር ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ የሎጂክ ትምህርት የከበዳቸውን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች አስጠናለሁ። ከሁለቱም ወገን የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰውየው ሲናገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳተ መያዝ አቃተኝ። እንዴት ነው የምለየው?» ተማሪዎቹ የሕጸጾቹን ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠው ጓደኛቸው ሲያደናግራቸው ግን አንዱም ስም አይመጣላቸውም። የእድራችን እናቶች ስሙን ሰምተውት አያውቁም፤ ነገሩን ግን ከተማሪዎቹ ቀድመው ያሸቱታል። ለሁለቱም ይሆናል ያልኩትን አሠራር እነሆ።

ሕጸጽ ስል ውሸት ማለቴ አይደለም። ሕጸጽ ማለት የቀረበው ምክንያት እውነት ሆኖ እንኳ ድምዳሜውን መሸከም ሲያቅተው ነው። ምሰሶው ጤነኛ ነው፤ የቆመው ግን ከጣሪያው ሥር አይደለም። ስለዚህ «ዋሽተሃል» ማለትና «ይህ ወደዚያ አያደርስም» ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ገጹን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ምክንያት፣ በቀኝ ድምዳሜ ይጻፍበታል።
- ሰማያዊና ቀይ እስክርቢቶ። ሰማያዊው የተነገረውን፣ ቀዩ ሳይነገር የታለፈውን ለመጻፍ ነው።
- በዚህ ሳምንት በጆሯችሁ የሰማችሁት አንድ ክርክር። የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ስሕተቱ እንዲታይ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ለልምምድ አይበቃም።
- ሩብ ሰዓት ያህል ጸጥታ።
- በጉዳዩ ከእናንተ ጋር የማይስማማ አንድ ሰው። ብቻችሁን ስትሠሩ ስሕተት የምታገኙት በሌላው ንግግር ላይ ብቻ ይሆናል።

አብረን የምንሠራበት ንግግር ይኸውና። በተለያዩ ስብሰባዎች የሰማሁትን አንድ ላይ ያቀናበርኩት ነው። አንድ አባል «አሮጌውን ድንኳን ለጊዜው እናስጠግነው» የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ሌላው ተነሥቶ እንዲህ ይመልሳል፦

«አዲስ ድንኳን ዛሬውኑ እንግዛ! ከአባቶቻችን ጀምሮ የራሱ ድንኳን የሌለው እድር እድር አይባልም። ደግሞስ አትግዙ የሚለን ማን ነው? አምና መዋጮውን ሦስት ወር ያሳደረ ሰው! ሌሎቹ እድሮች ሁሉ ገዝተዋል። ወይ እንገዛለን፣ ወይ ይህ እድር ይፈርሳል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ!»

ስትሰሙት ልብ ይሞላል። አሁን እንፍታው።

1. ድምዳሜውን ፈልጉ

«ይህ ሰው በመጨረሻ ምን እንዳምን ወይም ምን እንዳደርግ ነው የሚፈልገው?» በሉና በቀኝ በኩል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። የኛው፦ «አዲስ ድንኳን ዛሬ መገዛት አለበት።»

ይህ እርምጃ መጀመሪያ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ድምዳሜው ካልታወቀ የትኛው ምክንያት ለምን እንደቀረበ አይታወቅም፤ ክርክሩም እንደ ቅዳሜ ገበያ ጫጫታ ይሆናል። በጽሑፍ ላይ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «እንግዲህ» የሚሉ ቃላት ይመሩናል። በንግግር ግን ሰው «ስለዚህ» ብሎ አይጨርስም። በአማርኛ ድምዳሜ በብዛት የሚደበቀው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ትእዛዝ ውስጥ ነው፤ «እንግዛ» እንዳለው። ሁለተኛው መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ውስጥ ነው። «ታዲያ እሱን ማን ያምነዋል?» ጥያቄ አይደለም፤ «እሱ አይታመንም» የሚል ድምዳሜ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትሰሙ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር መልሱት። ጥያቄ ሆኖ ሲቆይ «አስረዳ» አይባልም፤ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ይባላል።

2. ምክንያቶቹን ዘርዝሩ፤ የጎደለውን በቀይ ሙሉ

«ምክንያቱም» እና «ስለ» ግልጽ ናቸው። ከግሥ መጨረሻ የምትለጠፈውን «ና» ግን ብዙ ሰው ያልፋታል፤ «ክረምት ደርሷልና ጣሪያውን አድስ» ሲባል ምክንያቱን የተሸከመችው እሷ ናት።

በንግግራችን ውስጥ አምስት ነገር ይገኛል፦ የአባቶች ልማድ፣ የተቃዋሚው መዋጮ ማሳደር፣ የሌሎች እድሮች መግዛት፣ የመፍረስ ሥጋትና የሎሚው ተረት። እነዚህን በሰማያዊ ጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥር «ይህ ድምዳሜውን እንዲደግፍ ሌላ ምን እውነት መሆን አለበት?» ብላችሁ መልሱን በቀይ አስገቡ። ለሁለተኛው የሚገባው ቀይ ዓረፍተ ነገር «መዋጮ ያሳደረ ሰው ስለ ድንኳን የሚያቀርበው ሐሳብ ሁሉ የተሳሳተ ነው» የሚል ነው። እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ራሱ ተናጋሪውም አይፈርምበትም።

ከሁሉም እርምጃ ብልጫ ያለው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። አብዛኛው ሕጸጽ የሚኖረው በተነገረው ውስጥ ሳይሆን ሳይነገር በታለፈው ውስጥ ነው። ለዚህም ነው «የሆነ ነገር ይሸተኛል» እያላችሁ ጣታችሁን የምትቀስሩበት የምታጡት፤ የምትፈልጉት ዓረፍተ ነገር ከቶውንም አልተነገረም።

3. ማጣፈጫውን አውጡ

ተረት፣ መሐላ፣ ምስጋናና ስድብ ለጊዜው ይሰረዙ። «በመድኃኔዓለም ስላችሁ» የተናጋሪውን ስሜት ይነግረናል፤ የድንኳኑን አስፈላጊነት አይነግረንም።

ተረትና ምሳሌ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ዘንድ እንደ ማስረጃ የሚሠራው እሱ ነውና። ተረት ነገርን ያሳምራል፣ ያስታውሳል፣ አንድን ሐሳብ በአራት ቃል ይቋጫል። ማስረጃ ግን ሊሆን አይችልም፤ ለተቃራኒውም ተረት አለና። ዝም ላለው ሰው «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ለተናገረውም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንለዋለን። ሁለቱም ያምራሉ፤ በዛሬው ጉዳይ ላይ መናገር ይሻላል ወይስ ዝምታ የሚለውን ግን አንዳቸውም አይወስኑም። ተረት ሲወረወር መጠየቅ ያለበት «ይህ ተረት እዚህ ቦታ የገጠመው በምን ነው?» የሚለው ነው። የሎሚው ተረት ስለ መረዳዳት ነው። ድንኳን ማስጠገንም በመዋጮ የሚሠራ መረዳዳት ነው፤ ስለዚህ ተረቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ያገለግላል።

4. ሁለቱን ጥያቄዎች አትደባልቁ

ለቀረው ለእያንዳንዱ ምክንያት በየተራ፦

ሀ. እውነት ነው?
ለ. እውነት ቢሆንስ፣ ወደ ድምዳሜው ያደርሳል?

ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ሲጨቃጨቅ ሁለተኛው ይረሳል። «ሦስት ወር አላሳደርኩም፤ ሁለት ወር ነው!» እያለ የሚከራከር ሰው ወጥመዱ ውስጥ ገብቷል። ሁለትም ይሁን ሦስት ከድንኳኑ ጋር አይገናኝም።

«ለ»ን ለመፈተን አንድ መንገድ አለ፦ ምክንያቱ እውነት ሆኖ ድምዳሜው ሐሰት የሚሆንበት አንድ ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችሁ ለማምጣት ሞክሩ። ከመጣ፣ ድልድዩ ተሰብሯል። የውሃ ችግር የሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህን በቀላሉ ይይዘዋል፦

«መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ውሃ ይቋረጣል። ውሃው ተቋርጧል። ስለዚህ መብራት ጠፍቷል።»

ሁለቱም ምክንያቶች እውነት ይሁኑ። ቧንቧው ፈንድቶስ ቢሆን? ወይም ውሃው በፈረቃ ሌላ ሰፈር ሄዶ ቢሆን? ድምዳሜው አልያዘም። በተቃራኒው «መብራት ጠፍቷል፤ ስለዚህ ፓምፑ ቆሞ ውሃው ተቋርጧል» ቢባል ይይዛል። «ሲሆን ይሆናል» የሚለው ነገር የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲነዱት ነው አደጋው። «መብራት አልጠፋም፤ ስለዚህ ውሃ አለ» ማለትም ያው ስሕተት ነው፤ የፈነዳው ቧንቧ እዚያው አለ።

5. ስብራቱ የት እንደሆነ ለዩ

ድልድዩ መሰበሩን ካወቃችሁ በኋላ ዓይነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ስለሚጠቁም ነው። የማስታውሳቸው በመማሪያ መጽሐፉ ስም ሳይሆን በተረት ነው፤ ለማስታወስ ሲሆን ተረት ጥሩ ነው።

ነገሩን ትቶ ሰውየውን መምታት። መዋጮ ማሳደሩን እንዳነሣው። የቅርብ ዘመዱ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው መልስ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው «አታጭስ» ቢላችሁ ግብዝነቱን ልትታዘቡ ትችላላችሁ፤ ሲጋራ ሳንባ መጉዳቱ ግን በእሱ ማጨስ አይቀርም። ጥያቄው፦ «ይህንኑ ሐሳብ ሌላ ሰው ቢያቀርበውስ?» ተጠንቀቁ፤ ሰውየውን ማንሣት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንድ ሰው ምክንያት ሳያቀርብ «እመኑኝ፣ አይቻለሁ» ካለ፣ የሚታመን ሰው መሆኑ ጉዳይ ነው። ድንኳን ሻጩ የወንድሙ ልጅ ሆኖ «ከዚህ በታች ዋጋ አይገኝም» ቢለን፣ ዝምድናውን አንሥተን ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ማለት ሕጸጽ አይደለም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሐሳቡን መመለስ ሲያቅት፣ ቀለል ያለ ሌላ ሐሳብ ሠርቶ እሱን መምታት ነው። «እናስጠግነው» ያለውን ሰው «አትግዙ የሚለን» ብሎ ነው የጠራው፤ እሱ ግን ያለው «ለጊዜው» ነው። ምርመራው፦ የተመቺውን ሐሳብ እሱ ራሱ ባለበት ቃል ደግማችሁ «ያልከው ይህ ነው?» በሉት። «አይደለም» ካለ፣ የተመታው ዳውላው ነው።

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ። ስለ ድንኳን ሲጠየቅ ስለ አምናው ድግስ የሚመልስ አለ። ድምዳሜውን በቀኝ በኩል መጻፋችን እዚህ ይጠቅማል፤ ጣታችሁን ወረቀቱ ላይ አድርጉና «ይህ ከዚህ ጋር በምን ይገናኛል?» በሉ።

ወይ ይህ ወይ ያ። «ወይ እንገዛለን ወይ እድሩ ይፈርሳል።» ሦስተኛ መንገድ ፈልጉ፦ ማስጠገን፣ መከራየት፣ ከጎረቤት እድር ጋር በጋራ መጠቀም፣ ለስድስት ወር ማቆየት። አንድ እንኳ ካገኛችሁ «ወይ» ፈርሷል። ሦስተኛው ከጠፋ ግን በእርግጥ ሁለት ነው ማለት ነውና ሕጸጽ የለም።

ብዙኃን ይመውዑ። ይህ ላይ ተማሪዎቼም እናቶቻችንም እኩል ይሳታሉ። እድር በድምፅ ብልጫ ሲወስን ትክክል ነው፤ የሚወሰነው «ምን እናድርግ» የሚል ነገር ነውና ብዙዎቹ የመረጡት ይጸናል። «ሌሎች ሁሉ ስለገዙ ለእኛ ይጠቅመናል» ግን ውሳኔ ሳይሆን ስለ እውነታ የቀረበ አባባል ነው፤ በድምፅ አይጸናም። የሌሎቹ የአባላት ቁጥርና የካዝና አቅም ከእኛ ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአባቶች ልማድም እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ብዙ ዘመን መቆየቱ ለአባቶቻችን እንደሠራላቸው ይጠቁማል፤ ለምን እንደሠራ ሳይጠየቅ ግን ዛሬም ይሠራል አያሰኝም።

ዶክተር ነው የነገረኝ። ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል ባለበት ከተማ ይህን ሳይሰሙ መዋል አይቻልም። «የምን ዶክተር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ስለ መድኃኒት ሲናገር መስማት ተገቢ ነው፤ በታሪክ ጥናት ዶክትሬት ያለው ሰው ስለ ደም ግፊት ሲናገር ግን ማዕረጉ አብሮት አይሄድም። «ባለሙያ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያታልላል፦ «እሷ ባለሙያ ናት፤ የባለሙያ ምክር ይሰማል፤ ስለዚህ ስለ ኪኒኑ ያለችውን እንስማ።» መጀመሪያ ላይ «ባለሙያ» ያልነው ዶሮ ወጥዋን ነበር፤ መሐል ላይ ሙያው ተቀየረ። በቅኔ እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል ጌጥ ነው፣ ሰምና ወርቁ የሚገናኝበት ነውና። በክርክር ግን ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትርጉም ካልያዛችሁት ድምዳሜው ሾልኮ ይገባል።

በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ። «ዛሬ አንዱ መዋጮ እንዲያሳድር ከፈቀድን ሁሉም ያሳድራል፤ ካዝናው ይራቆታል፤ ሐዘንተኛ ባዶ እጁን ይቀራል፤ እድሩ ይበተናል።» ሰንሰለቱን ቁጠሩ፤ አራት ቀለበት አለው። እያንዳንዱ ቀለበት ከፊተኛው ቀጥሎ የመሆን ዕድሉ 80 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ አራቱም የመሆናቸው ዕድል 0.8 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 41 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተናጋሪው ግን የመጨረሻውን ቀለበት እንደማይቀር አድርጎ ያቀርበዋል። «ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ምንድን ነው? መሐል ላይ ማስቆምስ አይቻልም?» ብላችሁ ጠይቁ። የቅጣት ደንብ ካለ ሰንሰለቱ ገና ከመጀመሪያው ቀለበት ይቆማል።

ዞሮ ዞሮ ከቤት። «ሐቀኛ ነው።» በምን አወቅህ? «ራሱ ነግሮኛል፤ እሱ ደግሞ ውሸት አያውቅም።» ድምዳሜው ምክንያት ሆኖ ተመልሶ መጣ። በደብተራችሁ ግራና ቀኝ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት አነጋገር ተጽፎ ካገኛችሁ ይኸው ነው።

ከኋላው ስለመጣ በእሱ ምክንያት መጣ። ሰፊ ጊዜ የሚወስደን ይህ ነው፤ አብዛኛው ጉዳት ያለውም እዚህ ነው።

«ልጄን ጉንፋን ይዞት ዳማ ከሴ ጨምቄ ሰጠሁት፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ።» ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይሄዳል። መድኃኒት ፍለጋ የምንነሣው ደግሞ ሕመሙ ሲበረታ ነው፤ ከጫፍ የደረሰ ነገር መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ያን ቀን የሰጠነው ማንኛውም ነገር ያዳነ ይመስላል። ይህ ማለት ዳማ ከሴ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ይህ ክርክር መጥቀሙን አላሳየም ማለት ብቻ ነው።

መፈተኛው አራት ሣጥን ነው። «እኔ ስታዲየም የገባሁ ቀን ፋሲል ከነማ ይሸነፋል» የሚል ወዳጅ አያጣችሁም። ወረቀት ላይ አራት ሣጥን ሥሩ፦ ገብቶ የተሸነፈበት፣ ገብቶ ያልተሸነፈበት፣ ሳይገባ የተሸነፈበት፣ ሳይገባ ያልተሸነፈበት። ለማሳያ ያህል 20 ጨዋታ እንውሰድ። ገብቶ 3 ተሸነፈ፣ 3 አልተሸነፈም፤ ሳይገባ 7 ተሸነፈ፣ 7 አልተሸነፈም። ገባም ቀረም ሽንፈቱ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የእሱ መግባት ምንም አልቀየረም። ወዳጃችሁ ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሣጥን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከሜዳ ሲወጣ ያንገበገበው እሱ ነውና። የቀሩትን ሦስት ሣጥኖች የሚሞላ ቁጥር ከሌለ «በዚህ ምክንያት» አይባልም።

አይደለም ካልክ አስረዳ። ማስረዳት ያለበት ነገሩን ያነሣው ሰው ነው። «ገንዘብ አጉድለሃል፤ አላጎደልኩም ካልክ አሳየን» የሚል ክስ የተገለበጠ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሒሳብ ደብተር መያዝ ሥራው የሆነን ሰው ደብተሩን እንዲያሳይ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ግዴታው ነው።

6. ስም ከመስጠታችሁ በፊት የነገሩን አሠራር አረጋግጡ

አንድ ዓይነት ንግግር በአንድ ቦታ ሕጸጽ፣ በሌላው ቦታ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህን አንብቡ፦

«እስካሁን አልደረሰኝም፤ ስለዚህ አሁን የመውጣት ዕድሌ ጨምሯል።»

ሎተሪ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ስሕተት ነው። የዛሬው ዕጣ ያለፈውን ዓመት አያውቅም፤ ዐሥር ጊዜ የቆረጠውና ዛሬ የጀመረው በእኩል ቁጥር ትኬት እኩል ዕድል አላቸው። እቁብተኛ ሲናገረው ግን ትክክል ነው። 20 ሰው ባለበት እቁብ በመጀመሪያው ሳምንት ዕድሉ ከ20 አንድ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። የወጣለት ሰው ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባምና 15 ሰው ከወሰደ በኋላ የቀሩት 5 ናቸው፤ ዕድሉ ከ5 አንድ፣ ማለትም 20 በመቶ ሆኗል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የወጣው ዕጣ ተመልሶ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። የሕጸጽ ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ እቁብተኛዋን «ተሳስተሻል» ይላታል፤ የተሳሳተው ግን እሱ ነው።

7. በጥያቄ መልሱ

ስሕተቱን ካገኛችሁ በኋላ የሕጸጹን ስም አትጥሩ። «ይህ ሕጸጽ ነው!» ስትሉ ሰውየው የሚሰማው «ደደብ ነህ» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከላከለው ሐሳቡን ሳይሆን ክብሩን ይሆናል። በተለይ ለታላቅ ሰው እንዲህ ቢቀርብ ይሻላል፦ «አባባ፣ የተናገሩት ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ፤ ብናስጠግነው እድሩ የሚፈርሰው በምን በኩል ነው?» ጥያቄው የተሰበረውን ድልድይ ያሳያል፤ ለመመለስም ለማረምም በር ይከፍትላቸዋል። እኔ በዚህ መንገድ ጠይቄ «እሱስ እውነትክን ነው» የተባልኩባቸው ስብሰባዎች ጥቂት አይደሉም።

ማስጠንቀቂያ

- ክርክሩ ደካማ መሆኑ ድምዳሜውን ሐሰት አያደርገውም። የድንኳኑ ንግግር ተሰባብሮ አልቋል፤ ድንኳን መግዛቱ ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። «ምክንያትህ አልያዘም» እንጂ «ስለዚህ አይገዛም» አትበሉ፤ እንዲህ ካላችሁ ራሳችሁ ሕጸጽ ሠራችሁ።
- ለቅሶ ቤት ይህን አትሞክሩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው «ያን ቀን ባልላክሁት ኖሮ» ሲል የሚፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።
- የጤና ነገር ሲሆን ክርክሩን በማሸነፍ አትርኩ። የልጁ ትኩሳት ካልወረደ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው አራት ሣጥኑን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
- በስልክ የተላለፈ ወሬ ስትፈትሹ ፍጥነት ጠላታችሁ ነው። «ነገ ጤፍ ይወደዳል፣ ዛሬውኑ ግዙ» የሚለው መልእክት የሚያቻኩላችሁ ጥያቄ «ሀ»ን እንዳትጠይቁ ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

ብዙ ጊዜ የማየው ስድብን ሁሉ ሕጸጽ ማለት ነው። «አንተ ሰነፍ፤ ሒሳቡ ደግሞ እዚህ መስመር ላይ ተሳስቷል» ያለ ሰው ባለጌ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሒሳቡ ግን ምክንያት አቅርቧል። ስድቡን ሰርዙና ሒሳቡን ዩት።

ሌላው አንድ ምሳሌ በቀረበ ቁጥር «በአንድ ሰው አይደመደምም» ማለት ነው። «በዚህ መንገድ ባጃጅ አይገባም» ለሚል ሰው አንድ የገባ ባጃጅ ማሳየት በቂ ነው። አንድ ምሳሌ የማይበቃው «ሁሉም» ለማለት ነው፤ «ሁሉም አይደለም» ለማለት ይበቃል።

ሦስተኛውና ከባዱ የምንወደውን ድምዳሜ አለመፈተሽ ነው። ለዚህ ነው ከማይስማማችሁ ሰው ጋር ሥሩ ያልኩት። ደብተራችሁን ተለዋወጡ፤ በእናንተ ንግግር ሥር በቀይ የሚጽፈው እሱ ይሁን።

መለማመጃ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት አራቱንም በደብተር ሥሩ።

ሀ. «ቤቱን ተከራየው። የማውቀው ሰው እዚያ ሰፈር ሁለት ዓመት ኖሮ ውሃ ጠፍቶበት አያውቅም።»
ለ. «ሐኪሙ ጨው ቀንስ ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን ምግቡ ላይ ጨው ሲነሰንስ አይቼዋለሁ።»
ሐ. «በርበሬዬ ባዕድ ነገር የለበትም። አለበት የሚል ካለ ያረጋግጥ፤ እስካሁን ያረጋገጠ የለም።»
መ. «ደንባችን ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተገኘ አይሻሻልም ይላል። 90 አባላት አሉን፤ ዛሬ የተገኘነው 54 ነን። ስለዚህ ዛሬ ደንቡን ማሻሻል አንችልም።»

መልስ። «ሀ» በአንድ ቤት ስለ ሰፈሩ ደመደመ፤ ሰውየው ሮቶ ተክሎ እንደሆነስ? «ለ» የራሷ እያረረባት ነው፤ ጨው የደም ግፊትን መጨመሩ በሐኪሙ ምግብ አይለወጥም። «ሐ» ላይ ብዙዎች ይከፋፈላሉ። ማንም ስላላረጋገጠ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ባዕድ ነገር አለበት ብሎ የሚከስም ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መፍትሔው በርበሬውን ማስመርመር ነው። «መ» ሕጸጽ የለበትም። የ90 ሁለት ሦስተኛ 60 ነው፤ 54 አይሞላም። የሚቀረው የአራተኛው እርምጃ ጥያቄ «ሀ» (እውነት ነው?) ብቻ ነው፦ ደንቡን አውጥታችሁ አንቀጹን አንብቡ፤ ከዚያ ቤቱን ዳግም ቁጠሩ።